ሦስት መዶሻ ለአንዲት ጎጆ

[የአንድ ቤት ጓሮ። የጠባቧ ዕቃ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ የሕፃን አልጋ የሚያህል የብረት ሳጥን ተቀምጧል፤ ዙሪያውን መሣሪያ ተዘርግቶ መርገጫ ጠፍቷል። ግምጃ ስድሳ ዓመት አልፎታል። ሠላሳ ዓመት የአንድ ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈርተኛው እውነተኛ ስሙን ረስቶ ግምጃ ይለዋል። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት መሣሪያ አስረክቦ እንጂ በመሣሪያ ሠርቶ አያውቅም። ጋጋሪ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ዳቦ ቤት አለው፤ ሲናገርም ሲራመድም ሊጥ እስኪነሳ የሚጠብቅ ይመስላል። ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጓሮ በማይታይበት በኩል፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት ባለ ሁለት ጎማ ካራቫን ቆማለች፤ ቤተሰቡ ጎጆዋ ይላታል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጉዞ ይጀመራል ተብሏል። አሁን ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው።]

ግምጃ፦ ሦስት መዶሻ ነው ያልኩህ። ሁለት አላልኩም።

ጋጋሪ፦ ጋሼ፣ መቺው እኮ አንድ ሰው ነው።

ግምጃ፦ ትልቁ ለትልቅ ነገር ነው። ትንሹ ለትንሽ ነገር ነው።

ጋጋሪ፦ ሦስተኛውስ?

ግምጃ፦ መንገድ ላይ የመዶሻው እጀታ ቢላላ በምን ትመታዋለህ?

ጋጋሪ፦ በሌላው መዶሻ።

ግምጃ፦ ሌላውም ቢላላ?

ጋጋሪ፦ በድንጋይ።

ግምጃ፦ [ቀና ብሎ ያየዋል] በድንጋይ። ሠላሳ ዓመት መሣሪያ ሳስረክብ አንድም ሰው መጥቶ ድንጋይ ስጠኝ ብሎኝ አያውቅም።

ጋጋሪ፦ ድንጋይማ ደጅ ስላለ ይሆናል።

ግምጃ፦ ለዚህ ነው አንተ ዳቦ ጋጋሪ ሆነህ የቀረኸው። ጻፍ። መዶሻ፣ ሦስት።

ጋጋሪ፦ በምን ልጻፍ?

ግምጃ፦ በእስክሪብቶ ነዋ።

ጋጋሪ፦ እስክሪብቶው የት አለ?

ግምጃ፦ ሳጥኑ ውስጥ፣ በግራ በኩል።

[ጋጋሪ እጁን ወደ ሳጥኑ ይሰዳል። ግምጃ እጁን ቸብ ያደርገዋል።]

ግምጃ፦ ምን ልታደርግ ነው?

ጋጋሪ፦ እስክሪብቶ ላወጣ።

ግምጃ፦ ከዚህ ሳጥን ዕቃ የሚወጣው በፊርማ ነው።

ጋጋሪ፦ እሺ፣ ልፈርም።

ግምጃ፦ ፈርም።

ጋጋሪ፦ በምን?

[ግምጃ ጢሙን ያሻል። በሠላሳ ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ጥያቄ አልገጠመውም።]

ግምጃ፦ እኔ ቆሜ እያየሁ አውጣው። ለዛሬ ብቻ። ሲባጎውን እንዳትበጥስ።

[እስክሪብቶው ከሳጥኑ ክዳን ጋር በሲባጎ ታስሯል። ሲባጎው አጭር ስለሆነ ጋጋሪ ለመጻፍ ሳጥኑ ላይ ይደፋል።]

ጋጋሪ፦ [ተደፍቶ] ጋሼ፣ ለምን ታሰረ?

ግምጃ፦ እስክሪብቶ ያልታሰረበት ግምጃ ቤት አይተህ ታውቃለህ?

ጋጋሪ፦ እኔ ግምጃ ቤትም አይቼ አላውቅ።

ግምጃ፦ ይኸው እያየህ ነው። ጻፍ። መዶሻ፣ ሦስት። ምክንያት፣ ለጥንቃቄ። በሁለት ቅጂ።

ጋጋሪ፦ ሁለተኛው ቅጂ ለማን ነው?

ግምጃ፦ ለእኔ።

ጋጋሪ፦ የመጀመሪያውስ?

ግምጃ፦ ለፋይል።

ጋጋሪ፦ ፋይሉን የሚይዘው ማነው?

ግምጃ፦ እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ?

ጋጋሪ፦ [ሰዓቱን አይቶ] እሺ። ቀጥሎስ?

ግምጃ፦ ሰዓት ሰዓት አትይ። ምድጃ ውስጥ ዳቦ ጥለህ የመጣህ ነው የምትመስለው።

ጋጋሪ፦ እትዬ ሦስት ሰዓት ብላለች ብዬ ነው።

ግምጃ፦ እህትህ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። ደወል ሲደወል መነሳት ለምዳለች። መንገድ ደወል አያውቅም፤ መንገድ የሚያውቀው መሰናዶ ነው።

ጋጋሪ፦ አምናም እንዲህ ስትሉ ሳትሄዱ ቀራችሁ።

ግምጃ፦ አምና አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ጠፋ።

ጋጋሪ፦ ካቻምናም ቀራችሁ።

ግምጃ፦ ካቻምና የሳጥኑ ቀለም አልደረቀም።

ጋጋሪ፦ ከዚያ በፊትስ?

ግምጃ፦ ከዚያ በፊት ሳጥኑ ራሱ አልነበረም። ያለ ሳጥን የት ይኬዳል?

ጋጋሪ፦ እማዬ ግን እየጠበቀች ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ ያለችውን ሰምተዋል።

ግምጃ፦ ሰምቻለሁ።

ጋጋሪ፦ "ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የልጄን ፊት ልየው" ነው ያለችው። እትዬ ስልኩን ዘግታ "ሽንኩርት ልክተፍ" ብላ ጓዳ ገባች። ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ጓዳ ገብቼ ባይ ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም።

ግምጃ፦ [ድምፁ ዝቅ ይላል] እኔስ ለምን የምለፋ ይመስልሃል? ዘንድሮ መድረስ አለብን። ለመድረስ ደግሞ ምንም ነገር መጉደል የለበትም። ጻፍ። ካቻቢቴ፣ አሥራ አራት።

ጋጋሪ፦ አሥራ አራት።

ግምጃ፦ ለምን አሥራ አራት አትለኝም?

ጋጋሪ፦ ለምን አሥራ አራት?

ግምጃ፦ አሥራ አምስተኛው ስለጠፋ። ይቆጨኛል።

ጋጋሪ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጎማ ቢፈነዳስ?

ግምጃ፦ [ፊቱ ይበራል] ይኼ ጥያቄ ነው። መጠባበቂያ ጎማ አለ። ጎጆዋን የሚያነሳ ክሪክ አለ።

ጋጋሪ፦ ክሪኩ ጭቃ ውስጥ ቢሰጥምስ?

ግምጃ፦ [ያስባል] ከሥሩ ጣውላ ይነጠፍለታል። ቆይ፣ አጥሩ ጥግ አንድ አለ።

[ሮጦ ይሄዳል። ቁመቱን የሚበልጥ ጣውላ እየጎተተ ይመለሳል። ጋጋሪ ከኪሱ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ አንዴ አየት አድርጎ መልሶ ይከታል።]

ጋጋሪ፦ ይኼ ረዘመ።

ግምጃ፦ በመጋዝ ይቆረጣል። መጋዝ፣ አንድ።

ጋጋሪ፦ መጋዙ ቢደነዝስ?

ግምጃ፦ ሞረድ፣ አንድ።

ጋጋሪ፦ ሞረዱ ጨለማ ውስጥ ቢወድቅስ?

ግምጃ፦ የእጅ ባትሪ። ዛሬ ደግሞ አእምሮህ ተከፍቷል፣ ልጄ።

ጋጋሪ፦ የእጅ ባትሪው ድንጋይ ቢያልቅስ?

ግምጃ፦ ለዚህ ነው ያንን የያዝኩት። [በኩራት ወደ ጥግ ይጠቁማል] ጄኔሬተር።

ጋጋሪ፦ ሞረድ ለመፈለግ ጄኔሬተር?

ግምጃ፦ ለድሪሉም ይሆናል።

ጋጋሪ፦ ይሠራል ግን?

ግምጃ፦ እኔ የማይሠራ ዕቃ አልጭንም።

ጋጋሪ፦ መቼ ሞከሩት?

ግምጃ፦ አምና።

ጋጋሪ፦ [ሰዓቱን እያየ፣ በቀስታ] ጋሼ፣ የአምና ዳቦ ይበላል?

[ግምጃ ወደ ጄኔሬተሩ ይሄዳል። ገመዱን አንዴ ይስባል፣ ሁለቴ ይስባል፤ በሦስተኛው ጄኔሬተሩ ያስነጥስና ግቢውን በጩኸት ይሞላዋል። ልክ ሦስት ሰዓት ነው። ሁለቱም ጮክ ብለው ያወራሉ።]

ግምጃ፦ አየህ? በሦስተኛው ተነሳ።

ጋጋሪ፦ ትንሽ ይቆይ። ይሙቅ።

ግምጃ፦ ሞቋል እኮ።

ጋጋሪ፦ ዳቦም ሞቋል ተብሎ አይወጣም። ትንሽ ይቆይ።

[መሬቱ ይንቀጠቀጣል። የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ይንቋቋል።]

ግምጃ፦ ምንድነው የሚንቀጠቀጠው?

ጋጋሪ፦ ጄኔሬተሩ ነዋ። ጉልበቱ ነው።

ግምጃ፦ [ተደስቶ] ጉልበትማ አለው።

[ጋጋሪ አንገቱን ወደ ቤቱ በኩል ሰገግ አድርጎ ቆይቶ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ግምጃ ጄኔሬተሩን ያጠፋል። ግቢው ጭር ይላል።]

ግምጃ፦ ምነው እንዲህ ጸጥ አለ?

ጋጋሪ፦ ስላጠፉት ነው።

ግምጃ፦ እህትህም ዝም ብላለች። ሁልጊዜ ይኼኔ በመስኮት "አለቀ ወይ?" ትል ነበር።

ጋጋሪ፦ ተስፋ ቆርጣ ይሆናል።

ግምጃ፦ ዘንድሮ አምናኛለች ማለት ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ና ጠጋ በል።

[ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ክዳን ያለው ጣሳ በሁለት እጁ ያወጣል። ክዳኑ ዙሪያውን በጥቁር ናስትሮ ታሽጓል፤ ናስትሮው ላይ ፊርማ አለ።]

ጋጋሪ፦ ምንድነው?

ግምጃ፦ መጠባበቂያ ብሎኖች። ዛሬ ጠዋት አሸግኩት። ስማ ድምፁን። [ይነቀንቀዋል]

ጋጋሪ፦ ያምራል።

ግምጃ፦ ሰው የሚሳሳተው የት ነው መሰለህ? ሱቅ ሄዶ በግምት ብሎን ይገዛል። መንገድ ላይ ሲደርስ አንዱ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል። እኔ ግን ልክ የጎጆዋን ብሎን ነው የያዝኩት።

ጋጋሪ፦ ልኩን እንዴት አገኙት?

ግምጃ፦ ከራሷ ከጎጆዋ ላይ። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ አንድ ናሙና ፈታሁ።

ጋጋሪ፦ ከጎጆዋ ላይ ፈቱ?

ግምጃ፦ ከዚያ የተሻለ ልክ ከየት ይመጣል?

ጋጋሪ፦ ታዲያ እዚያ ቦታ ላይ ምን ቀረ?

ግምጃ፦ ቀዳዳው።

ጋጋሪ፦ ቀዳዳው።

ግምጃ፦ ቀዳዳውማ የትም አይሄድም። ብሎን ሲያስፈልግ ከጣሳው አውጥተን እናስገባለታለን።

ጋጋሪ፦ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ግምጃ፦ ሲጎድል።

ጋጋሪ፦ አሁን ጎድሏል እኮ፣ ጋሼ።

ግምጃ፦ አሁንማ ቆማለች። የቆመ ነገር ብሎን ምን ያደርግለታል?

ጋጋሪ፦ ምናልባት እየሄደች ቢሆንስ?

ግምጃ፦ ስትሄድ እናስገባዋለን አልኩህ። አንተ ነገር ቶሎ አይገባህም። ጎማዋን ካሰሩት አንድ፣ ከበሯ አንድ፣ ከመጎተቻዋ ደግሞ ያው አንድ ብቻ ነው ያላት፣ እሱንም።

ጋጋሪ፦ ከመኪናው ጋር የሚያያይዛትን?

ግምጃ፦ እሱ ነው ዋናው። ቢጠፋስ ብዬ መጀመሪያ የፈታሁት እሱን ነው።

[ጋጋሪ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሳል የያዘው ይመስላል።]

ጋጋሪ፦ ጋሼ፣ ልድፈርዎትና፣ እማዬን ፈርተው ነው ይኼ ሁሉ?

ግምጃ፦ ማን ነው የፈራው?

ጋጋሪ፦ እንዲሁ ነው። የእሷ ስም ሲነሳ እጅዎ ብሎን ይቆጥራል።

[ግምጃ ጣሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።]

ግምጃ፦ አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ። እህትህን አግብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እናታችሁ ቤት ስንሄድ መኪናችን መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። የባትሪዋን ማሰሪያ የያዘች ትንሽ ብሎን ወድቃ ነው። የጣት ጥፍር የምታህል። እኔ መደርደሪያ ላይ አርባ ሺህ ብሎን በቁጥር ይዣለሁ፤ ኪሴ ውስጥ አንድ የለም።

ጋጋሪ፦ ከዚያስ?

ግምጃ፦ ሁለት ቀን ተቀመጥን። እህትህ በሙሽራ ጫማዋ አቧራ ላይ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሐብሐብ ሻጭ በፒንሳና በቁራጭ ሽቦ አስሮ አስነሳልን። ፒንሳውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ያህል ነው የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ እናታችሁ ሲያዩኝ "እንዴት ነህ" አይሉኝም። "ብሎን ይዘሃል?" ነው የሚሉኝ። በሠርግ ላይ፣ በልቅሶ ላይ፣ በስልክ። "ብሎን ይዘሃል?"

ጋጋሪ፦ በፍቅር ነው እኮ።

ግምጃ፦ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ያሳፍራል ግን። ዘንድሮ ሲጠይቁኝ ይኼን ጣሳ ፊታቸው አንኳኳለሁ። ይዣለሁ፣ እማማ፣ እላቸዋለሁ።

[ጋጋሪ ጣሳውን አይቶ ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል። ትንሽ ያፈረ ይመስላል። የተዘረጋው መሣሪያ እየተቆጠረ ሳጥኑ ውስጥ እስኪገባ አንድ ሰዓት ያልፋል።]

ጋጋሪ፦ እንግዲህ እንጫን፣ ጋሼ። አራት ሰዓት አለፈ።

[ሁለቱ ተጋግዘው ሳጥኑን በእጅ ጋሪ ላይ ያወጣሉ። ጋሪው ሦስት እርምጃ ሄዶ አንድ ጎማው ይወልቃል። ሳጥኑ ያዘነብላል።]

ግምጃ፦ ያዘው፣ ያዘው። ይኸው፣ መሣሪያ ያስፈልጋል ስል። ጎማውን የያዘችው ሚስማር ወጥታለች። ፒንሳ ስጠኝ።

ጋጋሪ፦ የት ነው?

ግምጃ፦ ሳጥኑ ውስጥ ነዋ።

ጋጋሪ፦ ከላይ ነው ከታች?

ግምጃ፦ ቀላል ዕቃ ስለሆነ ከታች። ከባዱ ከላይ፣ ቶሎ እንዲገኝ።

ጋጋሪ፦ ታዲያ እናውጣው?

ግምጃ፦ ለማውጣት መዶሻዎቹ፣ መጋዙ፣ ካቻቢቴው ሁሉ በየተራ ይፈረምባቸዋል። ሃያ ስምንት ፊርማ ነው። ጀምር።

[ጋጋሪ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ የአጥር ሚስማር ያነሳል። ቀዳዳው ውስጥ ይከተዋል፤ ድንጋይ አንስቶ ሁለት ጊዜ መትቶ ያጥፈዋል። ጋሪው ይቆማል።]

ግምጃ፦ [ድንጋዩን እያየ] ይኼ ጊዜያዊ ነው።

ጋጋሪ፦ አዎ፣ ጋሼ። ድንጋዩን ልፈርምበት?

ግምጃ፦ ግፋ።

[በቤቱ ጎን ዞረው ወደ ፊት ለፊት ይወጣሉ። ጋሪው ቀጥ ይላል። ጎጆዋ ከቆመችበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ ሣር፣ አንድ የጠፋ ጫማና ሁለት የጎማ ምልክት ቀርቷል። መኪናውም የለም። የግቢው በር ተከፍቷል።]

ግምጃ፦ ጎጆዋስ?

[ጋጋሪ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል።]

ግምጃ፦ ተሰርቀናል። አንተ፣ ተሰርቀናል። እህትህን ጥራት።

ጋጋሪ፦ አልተሰረቀችም፣ ጋሼ። በፊርማ ነው የወጣችው።

[ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። ግምጃ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ያነባል።]

ግምጃ፦ "የወጣው ዕቃ፣ ጎጆ። ብዛት፣ አንድ፣ ከነመኪናዋ። ምክንያት፣ እናቴ። የሚመለስበት ቀን፣ እናቴ ፊቴን አይታ ስትጠግብ። ተረካቢ፣ ሚስትህ።"

ጋጋሪ፦ በሁለት ቅጂ ነው። ይቺ የእርስዎ ናት።

ግምጃ፦ [ወረቀቱን ገልብጦ ያያል] አሞላሉ እንከን የለውም። መቼ ወጣች?

ጋጋሪ፦ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ። ጄኔሬተሩ ሲጮህ።

ግምጃ፦ ያ የተንቀጠቀጠው?

ጋጋሪ፦ ጎጆዋ ነበረች።

ግምጃ፦ ክሪኩ ቢሰጥም፣ መጋዙ ቢደነዝ፣ የአምና ዳቦ ስትለኝ የነበረው?

ጋጋሪ፦ የዳቦው ከራሴ ነው። ሌላውን እትዬ ጽፋ ሰጥታኝ ነበር። ሃያ ሁለት ጥያቄ ነው፤ እርስዎ ቶሎ ወደ ጄኔሬተሩ ስለሄዱልኝ አብዛኛው ተርፎኛል።

[ግምጃ ይስቅ ወይ ይቆጣ ሳይወስን ፊቱ ድንገት ይገረጣል። ጣሳውን ያቅፋል።]

ግምጃ፦ ብሎኖቹ። ብሎኖቹ እኮ እኔ ጋ ናቸው። የጎማዋ፣ የመጎተቻዋ። ስልክ ስጠኝ፤ አንተ፣ ሚስቴ መንገድ ላይ ናት። ስልክ ስጠኝ።

ጋጋሪ፦ ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ። ጣሳውን ይክፈቱት።

ግምጃ፦ ታሽጓል።

ጋጋሪ፦ ይክፈቱት።

[ግምጃ ናስትሮውን ይልጣል። ክዳኑን ያነሳል። ጣሳው ሙሉ ደረቅ ባቄላ ነው።]

ጋጋሪ፦ ትናንት ከሰዓት እርስዎ ዝርዝሩን ሲገለብጡ እኔና እትዬ ጣሳውን ገለበጥነው። ብሎኖቹን በየቦታቸው አስገብቼ አንድ በአንድ አጠበቅኩ። እሷ ደግሞ እየዞረች በእግሯ እየመታች አየች። ሃያ ዓመት አውቶቡስ የነዳች ሰው ናት።

ግምጃ፦ አንተ አጠበቅህ? በምን?

ጋጋሪ፦ በፒንሳና በአንድ መፍቻ።

ግምጃ፦ የትኛው መፍቻ?

ጋጋሪ፦ አሥራ ሦስት ቁጥር። አምና የጠፋው። እትዬ ናት የደበቀችው፤ እሱን እያሰቡ ሌላ ነገር እንዳይፈቱ ብላ።

ግምጃ፦ [ባቄላውን በእጁ እያሸ] ስለዚህ እኔ ዛሬ ጠዋት በፊርማዬ ያሸግኩት…

ጋጋሪ፦ ባቄላ ነው።

[ግምጃ ጋሪው ላይ ይቀመጣል። አሁን አልተቆጣም። ከፍቶታል።]

ግምጃ፦ ትታኝ ሄደች ማለት ነው። እናቷ ቤት በር ላይ ስትደርስ "ባልሽስ?" ይሏታል። ምን ልትላቸው ነው? ጓሮ ባቄላ ይቆጥራል ልትል?

ጋጋሪ፦ ትታዎት አልሄደችም እኮ። ከከተማው መውጫ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ትጠብቀናለች። እስከ አምስት ሰዓት። የዳቦ መኪናዬ በር ላይ ናት፤ ሃያ ደቂቃ ያደርሰናል። "ያለ እሱ አልሄድም፤ ከሳጥኑ ጋር ግን አልሄድም" ነው ያለችው። ጭንዎ ላይ የሚቀመጥ አንድ ዕቃ ብቻ ይያዙ።

ግምጃ፦ አንድ?

ጋጋሪ፦ አንድ።

ግምጃ፦ ሦስቱ መዶሻ አንድ ዕቃ ናቸው። በአንድ መስመር ነው የተመዘገቡት።

ጋጋሪ፦ ጋሼ።

[ግምጃ ሳጥኑን ያያል። ሰዓቱን ያያል። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያላደረገውን ያደርጋል፤ ሳጥኑን በአንድ ጎኑ ገፍቶ ይደፋዋል። መዶሻ፣ መጋዝ፣ ካቻቢቴ ሣሩ ላይ ይፈሳል። ከሁሉ በላይ፣ ከሥር የነበረች አሮጌ ፒንሳ ትመጣለች። እሷን አንስቶ አቧራዋን በእጅጌው ይጠርጋል።]

ግምጃ፦ ይቺን። ና እንሂድ።

[ከግቢው ወጥተው የዳቦ መኪናዋ ውስጥ ይገባሉ። ጋጋሪ ቁልፉን ያዞራል። ምንም የለም። እንደገና ያዞራል። መብራት እንኳ አይበራም።]

ጋጋሪ፦ ይኼ እንግዳ ነገር ነው። ትናንት ማታ ሳቆማት ምንም አልነበረባትም።

[ግምጃ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።]

ጋጋሪ፦ የጎጆዋን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ አይቻለሁ። የእትዬን መኪና አይቻለሁ። ሰዓቱን፣ ነዳጁን፣ ጥያቄውን ሁሉ ያሰላሁት እኔ ነኝ። አምስት ሰዓት ሊሞላ ነው። ጋሼ?

ግምጃ፦ አቤት።

ጋጋሪ፦ ምነው ዝም አሉ?

ግምጃ፦ ጠዋት ላይ አንድ ነገር አሰብኩ። ጎጆዋ መንገድ ላይ ብትበላሽ ሊጎትተን የሚመጣው ማነው ብዬ። አንተ ነህ። በዚችው መኪና።

ጋጋሪ፦ እና?

ግምጃ፦ እና የአንተ መኪና ብትበላሽስ ብዬ።

ጋጋሪ፦ ጋሼ፣ ከእኔ መኪና ላይ ምን ፈቱ?

[ግምጃ ከሸሚዙ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለች፣ የጣት ጥፍር የምታህል ብሎን ያወጣል።]

ግምጃ፦ ከባትሪው ማሰሪያ ላይ። አንድ ናሙና። ጣሳው ታሽጎ ስለነበር ኪሴ አስቀመጥኳት።

[ጋጋሪ ግንባሩን መሪው ላይ ይደፋል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀ ነው። ግምጃ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል። ብሎኗን ራሱ ይከታል፣ በፒንሳዋ ራሱ ያጠብቃል። አንዴ ትንሸራተትበታለች፤ ይሳደባል፤ እንደገና ይይዛታል። ኮፈኑን ዘግቶ በእጁ ሁለቴ ይመታዋል። ጋጋሪ ቁልፉን ያዞራል። መኪናዋ ትነሳለች።]

ግምጃ፦ [ተመልሶ እየገባ፣ የቆሸሸ እጁን እያየ] ተነሳች።

ጋጋሪ፦ ተነሳች።

ግምጃ፦ እኔ ነኝ ያስነሳኋት።

ጋጋሪ፦ ያቆሟትም እርስዎ ነዎት።

ግምጃ፦ አንተም ጎጆዋን ስትመረምር የራስህን መኪና ሳታይ የቀረኸው አንተ ነህ፣ ብልጡ።

[ጋጋሪ ይነዳል። የነዳጅ ማደያው ምልክት ከሩቅ ይታያል፤ ሥሩ ጎጆዋ፣ ከጎጆዋ አጠገብ ወገቧን ይዛ የቆመች ሴት። ግምጃ ቀና ብሎ ፀጉሩን ያስተካክላል።]

ግምጃ፦ ስማ። ይኼን የባትሪ ነገር ለእማማ አትነግራቸውም።

ጋጋሪ፦ የትኛውን? እርስዎ መፍታትዎን ነው እኔ መሞኘቴን?

ግምጃ፦ ሁለቱንም። ቃል እንግባ።

ጋጋሪ፦ በቃል አይሆንም፣ ጋሼ። በፊርማ ነው። በሁለት ቅጂ።

ግምጃ፦ ይሁን። እስክሪብቶ ስጠኝ።

ጋጋሪ፦ እኔ የለኝም። የእርስዎስ?

[ግምጃ ኪሱን ይዳብሳል። እጁ መሃል ላይ ይቆማል።]

ግምጃ፦ ሳጥኑ ላይ ታስሮ ቀርቷል።

ጋጋሪ፦ እንግዲያውስ ለእማዬ እነግራታለሁ።